ብረቱ ከባሕር ማዶ፣ ሰደፉ ከአገር ቤት

የጠመንጃ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ብረቱ ነው፤ የት ተሠራ፣ ማን አመጣው፣ በየትኛው ጦርነት ላይ ተተኮሰ። እንጨቱ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ሰደፍ፣ በመዳፍ የሚጨበጠው እጀታ፣ በርሜሉን ከሥር አቅፎ የተኳሹን ግራ እጅ ከግለት የሚጠብቀው እንጨት፣ ጠመንጃን ከሰው አካል ጋር የሚያገናኙት እነዚህ ናቸው። የጣና ዙሪያ ሕዝብ ጠመንጃን ካወቀ ወደ አምስት መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ብረቱ በመርከብና በግመል ከውጭ ሲመጣ፣ እንጨቱን ሲጠግን፣ ሲለውጥና ሲያስጌጥ የኖረው የአገሬው እጅ ነው።

ከምጽዋ እስከ ወይና ደጋ

በ1533 ዓ.ም. ክረምት 400 የሚሆኑ የፖርቱጋል ወታደሮች በክርስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጡ። ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጥና ነፍጠኛ አግኝተው አብዛኛውን የክርስቲያን ግዛት የያዙበት ጊዜ ነበር። ዳ ጋማ በነሐሴ 1534 ዓ.ም. ወፍላ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ተገደሉም። ከሞት የተረፉት ወታደሮቻቸው ከአፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ተቀላቅለው በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ገጠሙ። እንደ ፖርቱጋሎቹ ዘገባ ኢማሙ የወደቁት በነፍጥ ጥይት ተመተው ነው። የሐይቁ አካባቢ ሕዝብ በዚህ ውጊያ የነፍጥን ኃይል በደጁ አየ።

የዚያ ዘመን ነፍጥ የሚተኮሰው በሚጤስ ክር ነበር። ባሩዱና ጥይቱ በአፈሙዙ ይጎረሳል፣ ክሩ ይለኮሳል፣ ምላጩ ሲሳብ የክሩ እሳት ባሩዱ ላይ ያርፋል። ከህንድ የመጡት የፖርቱጋል ነፍጦች ብዙዎቹ ሰደፋቸው አጭርና ቆልማማ ስለነበር ተኳሹ ትከሻው ላይ ሳይሆን ጉንጩ ላይ አስደግፎ ይተኩስ ነበር። ሰደፉ ግፊቱን ለትከሻ ካላካፈለ እጅና ፊት ይሸከሙታል። ስለዚህ አልሞ መተኮስ ልምድ የሚጠይቅ፣ ብዙ ባሩድ ማጉረስም ለተኳሹ የሚያስፈራ ሥራ ነበር።

ነፍጥ በቆጋ

ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ፖርቱጋሎች በዚሁ ቀሩ፤ አግብተው ወለዱ። ልጆቻቸውም የነገሥታቱ ነፍጠኞች ሆነው አገለገሉ። በጥቅምት 1597 ዓ.ም. አፄ ዘድንግል ደምቢያ ላይ ከአመፀኞች ጋር ሲዋጉ ከጎናቸው የተሰለፉት የእነዚህ ትውልዶች ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ከሞት አልተረፉም።

በዚህ ዘመን ነገሥታቱ በጣና ዙሪያ እየተዘዋወሩ ከተማ ያደርጉ ነበር። ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም። ቆጋ ከነዚህ የነገሥታት መቀመጫዎች አንዷ ናት፤ አፄ ያዕቆብ ተቀምጠውባታል። በመጋቢት 1599 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ጎል ላይ ያዕቆብን ድል አድርገው የነገሡት አፄ ሱስንዮስም የመጀመሪያ ዓመታቸውን ያሳለፉት በቆጋ ነው። የዘመኑ የንጉሥ ከተማ ድንኳንና ጎጆ የተደባለቁበት ሰፈር ነበር። ሠራዊቱ ከርሞበት በጋ ሲሆን ይዘምታል። ለነፍጥ ባለቤት ይህ አኗኗር ከባድ ነበር። ባሩድ እርጥበት ይፈራል፤ ክር በዝናብ ይጠፋል፤ በፀሐይ የደረቀ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል።

ከሱስንዮስ ዘመን የተረፈን አንድ ቁጥር ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ1616 ዓ.ም. የመጣው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ በአገሩ ያሉት ነፍጦች 1,500 ቢሆኑ ነው፣ በአንድ ዘመቻ ላይ የሚታዩት ግን ከ400 ወይም 500 አይበልጡም ብሏል። ባሩድና ጥይት ውድ ነው፤ አልሞ ተኳሽ ጥቂት ነው። ግን ሌላም ምክንያት ማሰብ እንችላለን፦ ብረቱ ደህና ሆኖ እንጨቱ ከተሰበረ ነፍጡ ከመዝመት ይቀራል። መለዋወጫ የሚላክበት ወደብ በኦቶማን እጅ በነበረበት ዘመን የተሰበረ ሰደፍ መድኃኒቱ የሰፈሩ አናጢ ብቻ ነበር።

ጎንደርና የምጽዋ መንገድ

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቆርቁረው መንግሥቱ አንድ ቦታ ሲረጋ የእጅ ባለሙያዎችም ረጉ። በከተማዋና በዙሪያዋ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች በብረት ሥራቸው የታወቁ ነበሩ፤ ማረሻውንም ጦሩንም የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የነፍጥ ኃይል ግን ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን አደላ። የምጽዋን መንገድ የያዘ ነፍጥ ያገኛል፤ ነፍጥ ያገኘ ደግሞ ጎንደር ላይ ንጉሥ ያነግሣል፣ ይሽራልም። ከትግራይ ተነስተው የጎንደርን ቤተ መንግሥት በእጃቸው ያስገቡት ራስ ሚካኤል ስሑል ለዚህ ዋና ምስክር ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ያገኘው ይህንኑ ዘመን ነው። በተኩሱ ከሚመካ አንድ ሰው ጋር ተከራክሮ ጥይት ሳይሆን የሻማ ቁራጭ ጠመንጃው ውስጥ አጉርሶ ሦስት ጋሻ እንደበሳ ጽፏል። ታዳሚው ተደንቋል ይለናል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ በጎንደር አደባባይ ማን ይበልጥ አስተካክሎ ይተኩሳል የሚል ክርክር የሚነሳበት ዘመን ደርሶ ነበር። ነፍጥ ከሩቅ የሚያስደነግጥ ድምፅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የግል ችሎታ መለኪያ ሆኗል። ሰው በመሣሪያው መመካት ሲጀምር ደግሞ መሣሪያውን በራሱ ልክ ማሰናዳቱ አይቀርም።

ጋፋት

ሁለት ልምዶች ለአፄ ቴዎድሮስ ትምህርት ሆነዋቸዋል። ገና ካሣ ሳሉ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የግብፅ ጦር በመድፍ መታቸው። በዙሪያቸው የነበሩት መሳፍንት ደግሞ ከባሕር ማዶ በመጣ መሣሪያ ሲፎካከሩ አይተዋል። ከነገሡ በኋላ ያሰቡት መሣሪያ ከመግዛት የላቀ ነበር፤ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ፈለጉ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ከእንግሊዝ ጋር ጠብ አስከተለ፤ ጠቡም በመጨረሻ የእንግሊዝን ጦር ወደ አገሩ አመጣ።

ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ሞሪትስ ሆል፣ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ሌሎችም። የአገሬው ሠራተኞች ከእነሱ ጋር ከሰል ያከስላሉ፣ ሸክላ ያቦካሉ፣ ብረት ያቀልጣሉ፣ እንጨት ይጠርባሉ። ታላቁ ሞርታር ሴባስቶፖል ከዚህ ወጣ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ነበር። ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ የሚነገረው ስለ ናሱ ነው። ሆኖም ያን ጭነት ተሸክሞ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የወሰደው ሠረገላ እንጨት ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነስቶ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል፤ በየመንገዱ ቋጥኝ ይፈለጥ፣ ዳገት ይደለደል፣ የተሰበረው ይጠገን ነበር። በጋፋት ብረቱና እንጨቱ በአንድ የሥራ ቤት፣ በአንድ ሐሳብ ተሠሩ። ቴዎድሮስ የፈለጉት ይህንን ነበር፤ ሰደፉን ብቻ ሳይሆን በርሜሉንም እዚሁ ማውጣት።

ጊዜ አልሰጣቸውም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ አሮጌ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች በሰደፉ በኩል ጥይት የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው መጡ። የቴዎድሮስ ሰዎች በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃቸውን አንዴ ለመሙላት ሲሞክሩ የእንግሊዙ ወታደር ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት እሳት ጠፋ፤ የጋፋት ሐሳብ ግን አልጠፋም።

ከጉንደት እስከ ዓድዋ

የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር አገሩን ሲለቅ ለበዝብዝ ካሣ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ 12 መድፎችና 850 ጠመንጃዎች ተወላቸው። በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት፣ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ሺዎች ረሚንግተን ጠመንጃዎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲያ በአፈሙዝ ማጉረስ እየቀረ ሄደ።

በምኒልክ ዘመን መሣሪያው እንደ ጎርፍ ገባ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ወደ ሸዋ ያመጣው ቅፍለት 2,040 አሮጌ ጠመንጃዎችን ጭኖ ነበር። ፈረንሳይ ለበን ለሚባለው ለአዲሱ ጠመንጃዋ ስትል ከጦሯ ያወጣችው ውጅግራ በብዛት መጣ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተተኮሱት ዋና ዋናዎቹ አንዱ እሱ ነው። ከድሉ በኋላ 11,000 ያህል የጣሊያን ጠመንጃዎች ተማረኩ። ከዘማቹ ጋርም ወደየአገሩ፣ ወደ ጎጃምና ወደ በጌምድርም ገቡ።

ውጅግራውን ቀረብ ብለን እንየው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው፤ አንድ ጥይት ይጎርሳል። ሰደፉ ከአፈሙዙ አቅራቢያ እስከ ትከሻ ድረስ አንድ ወጥ የዋልነት እንጨት ነው። ከምላጩ ኋላ፣ እጅ በሚጨብጠው ቦታ፣ እንጨቱ ይቀጥናል። ጠመንጃው ሲወድቅ፣ ፈረስ ሲረግጠው፣ በሰደፉ ሰው ሲመታበት የሚሰበረው እዚያው አንገቱ ላይ ነው። ፋብሪካው ፈረንሳይ፣ ባለቤቱ ጎጃም ስለሆነ መለዋወጫ አይገኝም።

ጠጋኙ ግን መላ አያጣም። የበሬ ጥሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲለሰልስ በስብራቱ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለልና ጠርዝና ጠርዙ በጅማት ይሰፋል፤ ከዚያ ጥላ ላይ ይደርቃል። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስንጥቁን ገጥሞ ይይዘዋል፤ እንደ አጥንትም ይጠነክራል። ገበሬው ሞፈርና ቀንበርን በምራን ሲያስር የሚጠቀምበትን የቆዳ ባሕርይ ለጠመንጃ አዋለው ማለት ነው። ጥገናው የማይያዝ ሲሆን ሰደፉ እንዳለ ይለወጣል። ዋንዛ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ነው፤ ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው። አናጢው አሮጌውን ሰደፍ እንደ መለኪያ ያስቀምጥና አዲሱን በባለቤቱ ክንድ ልክ ይጠርበዋል። አጭር ሰው አጭር ሰደፍ ይሻል፤ ክንደ ረዥሙ ረዥም። የአውሮፓ ፋብሪካ ለሁሉም ወታደር አንድ ልክ ሲያወጣ የመንደሩ አናጢ ለአንድ ሰው ይሠራ ነበር።

ከዚያ ጌጡ ይከተላል፤ በሰደፉ ላይ የናስ ምስማር በረድፍ ይመታል፣ ጠገራ ብር ይለጠፋል፣ ማንገቻው በቀይ ቆዳ ይሠራል። በሠርግና በተስካር የሚታየው፣ በፉከራ የሚነሳው ይህ ጠመንጃ ነው። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ዲሞትፈር፣ ጓንዴ የሚባሉት ጠመንጃዎች የየራሳቸው ወዳጅ ነበራቸው። ቁመናቸው ከፋብሪካው ቢሆንም ጌጣቸው ከባለቤቱ ነው።

ቤልጅግና የአርበኞች ዘመን

አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ አጭር ማውዘሮች አስመጡ፤ ሕዝቡ ቤልጅግ አላቸው። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ከጀርመን በምሥጢር 10,000 ማውዘሮች ተጨመሩ። ቤልጅግ ከውጅግራ አጭር በመሆኑ ለፈረሰኛም ለእግረኛም ተመቸ። አምስት ጥይት ስለሚጎርስና ጭስ አልባ ባሩድ ስለሚተኩስ በርሜሉ ቶሎ ይግላል። ስለዚህ እንጨቱ በርሜሉን ከሥር ብቻ ሳይሆን ከላይም ይሸፍነዋል። የእጅ መከላከያው እንጨት ራሱን የቻለ ክፍል የሆነው እንዲህ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርንና ባሕር ዳርን ሲይዝ የጎጃምን ገበሬ ከሁሉ በላይ ያስቆጣው ትጥቅ ማስፈታቱ ነው። ጠመንጃው የአባት ቅርስ፣ የርስት ጠባቂ፣ የክብር ምልክት ነበር። መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ኃይሉ በለው በየአካባቢያቸው ጫካ ገቡ። አርበኛው የማረከውን የጣሊያን ጠመንጃ ከአሮጌው ውጅግራ ጋር ያሰልፍ ነበር፤ ጥይት ባለቀበት ቀን ውጅግራው ዱላ ይሆናል፣ ሰደፉ ሲሰበር ቆዳና አናጢ ይፈለጋል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ወሰን ሲገቡና የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር ወደ ቡሬ ሲገሰግስ፣ የጣሊያኑ ኮሎኔል ቶሬሊ ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር አፈግፍጎ ምሽግ ያዘ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ክላሽ

በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት መደበኛው ጦር ኤም ዋንንና ከዚያም ኤም 14ን ታጠቀ። ገበሬው ከአባቱ ጠመንጃ ጋር ቀረ፤ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅም የያዘው ያንኑ ነበር። ለውጡ የመጣው በደርግ ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶቪየት መሣሪያ ሲጎርፍ ነው። ክላሽ መጣ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ደግሞ ብዙው በየመንደሩ ቀረ።

ሚካኤል ካላሽኒኮቭ ጠመንጃውን የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከውጅግራ በተለየ እንጨቱ በሦስት ተከፍሏል፦ ኋላ ሰደፍ፣ መሐል እጀታ፣ ፊት ለፊት የእጅ መከላከያ። ሰደፉ ከብረቱ ኋላ ወጥቶ የሚገጠም ስለሆነ አንዱ ሲሰበር ሌላው አይነካም። ለታንከኛና ለፓራሹት ወታደር ደግሞ የብረት ሰደፍ ያለው ታጣፊ ክላሽ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተሻሻለው ክላሽ በተነባበረ የበርች እንጨት ተሠራ፤ ቆየት ብሎ ጥቁር ፕላስቲክ ተተካ። አገራችን ጋፋት የሚለውን ስም ለዘመናዊ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዋ ሰጥታ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር አድርጋ የክላሽን ዓይነት ጠመንጃ አመረተች። የቴዎድሮስ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሥጋ ለበሰ።

በዓለም ገበያ ደግሞ ሰደፍና እጀታ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ ጦር ፒካቲኒ የሚባለውን የመግጠሚያ ሐዲድ ልኩን ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ በሌላው ጠመንጃ ላይ መግጠም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ማግፑልና መሰሎቹ የሚረዝምና የሚያጥር ሰደፍ፣ ለመዳፍ የሚመች እጀታ፣ አየር የሚያስገባ የእጅ መከላከያ ለብቻው ይሸጣሉ። ሩሲያም እ.ኤ.አ. በ2018 ጦሯን ባስታጠቀችው ኤኬ-12 ላይ ሐዲዱንና የሚስተካከለውን ሰደፍ ከፋብሪካው ገጥማ አወጣች። ሐሳቡ የጎጃሙ አናጢ ያውቀው የነበረው ነው፤ ሰደፉ የሰውየውን ክንድ ልክ ይከተል፣ መከላከያው እጅን ከግለት ይጠብቅ፣ እጀታው አይንሸራተት። ልዩነቱ በዚያኛው ገበያ ልኩን የሚያወጣው ፋብሪካ፣ የሚመርጠው ገዢ መሆኑ ነው፤ አናጢው ከመሐል ወጥቷል።

የሕግ ዘመንም ተለውጧል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ መያዝን በፈቃድ ወስኗል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ደግሞ ጠመንጃ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጣና ዳር ላለ ለማንም ቤተሰብ አስረድቶታል። ስለ ሰደፍ ጌጥ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊረሳ አይገባውም። ያ ሁሉ ብልሃት በሰላም ቀን ለቀንበር፣ ለበርና ለዙፋን የሚሆን ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ። በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሙዚየሞች የተቀመጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ሲመዘገቡ ዓይነታቸውና የተሠሩበት አገር ብቻ አይጻፍ። ሰደፉ ከምን እንጨት እንደተጠረበ፣ ቆዳው በምን እንደተሰፋ፣ ስብራቱ የት እንደነበር፣ ጌጡ ከየትኛው አውራጃ እንደመጣ ይመዝገብ። ፎቶግራፍ ሲነሳም የተጠገነው ወገን ተሰውሮ ሳይሆን ፊት ለፊት ይታይ። ፈረንሳይና ቤልጅየም የብረቱን ታሪክ በፋብሪካ መዝገባቸው ይዘውታል። የእንጨቱን መዝገብ ልንይዝ የምንችለው እኛ ብቻ ነን፤ ጠራቢውንና ጠጋኙን ያዩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ቢጀመር መልካም ነው።